ያውቁ ኖሯል? የካንሰርን ሴል ነጥለው የሚይዙ የዲኤንኤ ክሮች

ዲኤንኤ የዘር መዝገብ ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ጥንዱን ያላገኘ አጭር የዲኤንኤ ክር በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ይቋጠራል። የያዘው ቅርጽ ከሚገጥመው ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ ደግሞ እንደ ቁልፍ ገብቶ ይጣበቃል። ይህ ክር አፕታመር ይባላል።

ስሙ የወጣው በ1990 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንድሪው ኤሊንግተንና ጃክ ሾስታክ «መግጠም» ከሚል የላቲን ቃልና «ክፍል» ከሚል የግሪክ ቃል አዋቀሩት። በዚያው ዓመት ክሬግ ተርክና ላሪ ጎልድ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በራሳቸው መንገድ ወደ ተመሳሳይ ክሮች ደርሰዋል። አፕታመር መጀመሪያ የተሠራው የዲኤንኤ ዘመድ በሆነው በአርኤንኤ ነበር፤ ዲኤንኤው በ1992 ተከተለ።

አፕታመር እንደ እህል ተበጥሮ ነው የሚገኘው። ፊደላቸው በዘፈቀደ የተደረደረ መቶ ትሪሊዮንና ከዚያ በላይ ክሮች ከዒላማው ጋር ይቀላቀላሉ። ያልተጣበቀው ታጥቦ ይወገዳል፣ የተጣበቀው ይባዛል፣ እንደገና ይበጠራል። ከብዙ ዙር በኋላ ሰፌዱ ላይ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው።

የተበጠሩት ክሮች ምን ያህል ይለያሉ? ቡና ውስጥ ያለው ካፌይንና የአስም መድኃኒቱ ቴዎፊሊን የሚለያዩት በአንዲት ሚጢጢ የሜቲል ቁራጭ ነው። በ1994 ይፋ የሆነ የአርኤንኤ አፕታመር ግን ቴዎፊሊንን ከካፌይን 10,000 ጊዜ አጥብቆ ይይዛል።

ኬሞቴራፒ ፀጉር የሚያረግፈው ለምን እንደሆነስ? በፍጥነት የሚባዛን ሴል ሁሉ ስለሚመታ ነው፤ የፀጉር ሥርም በፍጥነት ይባዛል። የታመመውን ከጤነኛው መለየት ከመድኃኒቱ ጉልበት እኩል የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው። በ2006 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የዌይሆንግ ታን ቡድን ሰፌዱን ሁለት ጊዜ አነሣ። ክሮቹን በመጀመሪያ ሕይወት ካላቸው የአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ሴሎች ጋር አገናኝቶ የተጣበቁትን ያዘ። ቀጥሎ እነዚያኑ ለሌላ ዓይነት ሴሎች ሰጥቶ፣ እዚያም የሚጣበቁትን ጣላቸው። ለእኔ ትልቁ ብልሃት ይህ መጣሉ ነው። ከተረፉት አንዱ፣ ኤስጂሲ8 የተባለው፣ ሴሉን አጥብቆ ያዘ፤ የያዘው ግን ምኑን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በሴሉ ገጽ ላይ ያለው ፒቲኬ7 የተባለው ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ኤኤስ1411 የተባለው ሌላ አፕታመር ደግሞ ሳይበጠር የተገኘ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ሌላ ነገር ሲሞክሩ ነው ያዩት። ባለ 26 ፊደል ነው። የሚይዘው ኑክሊዮሊንን ነው፤ ይህ ፕሮቲን በጤነኛ ሴል ውስጥ በአብዛኛው ኒውክለስ ውስጥ ይቀመጣል፣ በካንሰር ሴል ግን ገጹ ላይም በብዛት ይወጣል። የኩላሊት ካንሰር ባለባቸው 35 ሕሙማን ላይ ሲሞከር የረዳው አንድ ሰው ብቻ ነው። የእኒያ ሰው ዕጢ ግን በ84 በመቶ ቀንሶ፣ ሕክምናው ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላም አልባሰም። ቁጥሩ መድኃኒት ለመባል አይበቃም፤ እኔ ግን እኒያን አንድ ሰው ልረሳቸው አልቻልኩም።

በ2018 የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ አፕታመር ለዲኤንኤ ጥቅል መቆለፊያ አደረጉት። ጥቅሉ ኑክሊዮሊን ሲያገኝ ይፈታል፤ በውስጡ የያዘው ደም የሚያረጋ ኢንዛይም የዕጢውን የደም ሥር ይዘጋል። የተሞከረው በአይጦች ላይ ነው።

አፕታመር ማርከሻ እንዳለውስ? ፊደሎቹን የሚያጣምር ተቃራኒ ክር ሲሰጥ ቋጠሮው ይፈታል፣ ሥራውም ይቆማል። ይህን በ2002 ያሳዩት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው።

በአሜሪካ እስካሁን የተፈቀዱት ሁለት የአፕታመር መድኃኒቶች፣ የ2004ቱ ማኩጀንና የ2023ቱ አይዘርቬይ፣ ሁለቱም የዓይን ናቸው። በመርፌ ዓይን ውስጥ ስለሚሰጡ በደም ውስጥ ካሉት ዲኤንኤና አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይሞችም፣ ትንንሹን ሁሉ አጣርቶ ከሚያስወጣው ኩላሊትም ይርቃሉ። የካንሰሩ አፕታመር ግን ሁለቱንም አልፎ ነው ዕጢው ጋ የሚደርሰው።