ሾኩ ጎማውን ካልያዘው

ስፖርት መኪና የገዛ ልጅ መጀመሪያ የሚቀይረው የሚታይ ወይም የሚሰማ ነገር ነው። ቸርኬ ይቀይራል፣ ማርሚታ ይቀይራል፣ ከዚያ ደግሞ መኪናውን ዝቅ ያደርጋል። ስልካችሁን ከፍታችሁ ቲክቶክ ላይ ትንሽ ብትቆዩ ሆዷ አስፋልት ሊነካ የደረሰ መኪና ማየታችሁ አይቀርም። ሾክ አብዞርበር ግን ከጎማው ጀርባ ጭቃ ለብሶ የሚኖር ቱቦ ነው፤ ፎቶ አያምርበትም። እኔ ግን ለስፖርት መኪና የሚወጣ ገንዘብ ከጎማ ቀጥሎ ሾክ ላይ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

መኪናውን የሚሸከመው ሾኩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም፣ ሞላው ነው። ሞላ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ተጭነው ሲለቁት መዝለሉን ቶሎ አያቆምም። ሾክ የተሠራው ያንን ዝላይ ለመግደል ነው። ውስጡ ዘይት አለ። ዘንጉ ሲገባና ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ ያስገድደዋል፤ የዝላዩ ኃይል በዚህ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መጥፎ መንገድ ላይ ከተነዳ መኪና ሾኩን በእጃችሁ ብትነኩት የሚሞቃችሁ ለዚህ ነው። ሾኩ ሲደክም ጎማው በየጉብታው ይነጥራል። የነጠረ ጎማ ለዚያች ቅጽበት አየር ላይ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ መሪ አይሰማም፣ ፍሬን አይዝም። የፈለገውን ያህል ፈረስ ጉልበት ቢኖራችሁ መሬት ካልነካ ምን ያደርግላችኋል?

ይህንን ባለፈው ሰመር ከእህቴ ልጅ ጋር በሰፊው ተከራክረንበታል። እኔም እሱም የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የሱ መኪና የ2001 ማዝዳ ሚያታ ናት። ለማታውቋት፣ ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ባለሁለት መቀመጫ መኪና ናት፤ ሌላው ዓለም ኤምኤክስ-5 ይላታል። በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ተመርታለች። ከባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪናዎች በሽያጭ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘችው እሷው ናት። ሞተሯ ጉልበተኛ የሚባል አይደለም። የምትወደደው ከአንድ ቶን እምብዛም ስለማትበልጥና አራቱም ጎማዎቿ በላይና በታች ክንድ ተይዘው መንገዱን ስለሚከተሉ ነው። ያንን ካጠፋችሁባት ምንም አልቀራትም።

ልጁ ከሰው ላይ የገዛቸውን አጭር ሞላዎች አስገብቶ መኪናዋን አምስት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጓታል። ሾኮቹ ግን ከፋብሪካ የመጡት ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ያለፋቸው። አንድ ቀን በዝናብ 395 አውራ ጎዳና ላይ አብሬው ስሄድ፣ መታጠፊያ ላይ የድልድይ መጋጠሚያ ስንረግጥ የኋላዋ ወደ ጎን ዘለለች። ጎናችን ትልቅ የጭነት መኪና ነበር። ሁለታችንም ለጥቂት ደቂቃ አላወራንም።

ቤት ስንደርስ መፍትሔው ስልኩ ላይ ነበር። ሞላውና ሾኩ ተገጣጥሞ የሚመጣ፣ ኮይልኦቨር የሚሉት ዕቃ፣ ርካሽ የሆነውን መርጦ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄኮ 32 ደረጃ ይስተካከላል!»

«ከ32ቱ 31ዱን አትፈልጋቸውም» አልኩት።

ውድ ኮይልኦቨር ጥሩ ነው፤ ርካሹ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው መልኩንና ቁልፉን ነው። ክርክሩን የቋጨው አንዲት የፕላስቲክ ማሰሪያ ናት። የሾኩን አቧራ መከላከያ ከፍ አድርጌ ማሰሪያዋን ዘንጉ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ሰፈሩን ዞሮ እንዲመጣ ነገርኩት። ሾኩ ሲታመቅ ማሰሪያዋን እየገፋ ይሄዳል፤ ስትመለሱ የት እንደቆመች ታያላችሁ። እስከ መጨረሻው ተገፍታ፣ ዘንጉ ላይ ካለችው መቆሚያ ጎማ ጋር ተጣብቃ አገኘናት። ሚያታ ከፋብሪካም ስትመጣ የሾኳ የመንቀሳቀሻ ቦታ አጭር ነው። አምስት ሴንቲሜትር ሲነሳላት መኪናዋ በሞላ ሳይሆን በዚያች መቆሚያ ጎማ ላይ ነው የምትሄደው። የኋላዋን ያዘለላት ይኸው ነው።

እና ምን ገዛን? ተራው ሾክ ባለሁለት ቱቦ ነው። ውስጡ ዘይትና ጋዝ ሳይለያዩ ስለሚኖሩ በጣም ሲሠራ ዘይቱ አረፋ ያወጣል፤ አረፋ ደግሞ ዝላይ አይዝም። ደ ካርቦን የሚባል ፈረንሳዊ ይህን የፈታው በአንድ ቱቦ ነው። ዘይቱንና በግፊት የታመቀውን ጋዝ የሚንሳፈፍ ፒስተን መሃላቸው ገብቶ ይለያቸዋል። የጀርመኑ ቢልስታይን ያንን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመርሴዲስ ቤንዝ ማቅረብ ጀመረ። ኮኒ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ቢጫ ሾክ ደግሞ ሞላው ተመልሶ ሲዘረጋ የሚይዝበትን ኃይል ማጥበቅና ማላላት ይቻላል። እኛ ቢልስታይን መረጥን። ቢ6 የሚባለው ለፋብሪካው ከፍታ ነው፣ ቢ8 ግን ቁመቱ አጥሮ ዝቅ ላለ መኪና የተሠራ ነው። ስትገዙ እነዚህን እንዳታምታቱ። የፋብሪካውን ሞላ መልሰን ቢ6 አስገባን። ልጁ «ቁመናዋ ተበላሸ» ብሎ ሁለት ቀን አኩርፏል።

ሥራው ራሱ አንድ ቅዳሜ ወሰደ። ቡሎኖቹ ዝገው ስለነበር ከዋዜማው ዘይት ነፍተንባቸው አድረናል። አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ አልነካም ብዬ ቆርጫለሁ፤ ሞላ ማመቅ። የታመቀ ሞላ ካመለጠ መንጋጋ ይሰብራል፣ ሰው ይገድላል። ኢንተርኔት ላይ በሁለት ቀጭን ብሎን ሲያምቁት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ፤ እየሳቁ ነው ደግሞ የሚሠሩት። አራቱንም ከነሞላቸው አውርደን ግድግዳ ላይ የታሰረ ማመቂያ ያለው ጋራዥ ወሰድናቸው። ለዚያ የተከፈለው ገንዘብ አይቆጨኝም።

ሲገጠም ደግሞ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ አትያዙት። ጭረቱ የዘይቱን ማኅተም ይበላዋል፤ አዲሱ ሾክ በጥቂት ወራት ያነባል። ሁለተኛው ብዙ መካኒክ የሚዘለው ነው። የታችኛውን ቡሎን መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ እስከ መጨረሻው አታጥብቁት። ውስጡ ያለው ጎሚኒ በተንጠለጠለበት አቅጣጫ ተይዞ ይቀራል፤ መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠምዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። መጀመሪያ ጎማው ክብደቱን ይሸከም፣ ከዚያ አጥብቁ። ሲያልቅ የጎማ አላይመንት ማሠራት ግድ ነው።

ልጁን ያስገረመው መኪናዋ ከበፊቱ ለስላሳ መሆኗ ነው። ስፖርት ሾክ ሲባል የሚያንገጫግጭ ነበር የጠበቀው። ያንኑ መጋጠሚያ ሲረግጥ አሁን አንድ «ዱብ» ብላ ትረጋጋለች፤ መሪው አይንቀጠቀጥም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ቪትዝም ንዱ ኮሮላ፣ ነገሩ ያው ነው። እንዲያውም አገር ውስጥ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ የኤሌክትሪኩ በዝቷል፤ እሱ ደግሞ በባትሪው የተነሳ ተመሳሳይ መጠን ካለው ባለነዳጅ መኪና ይከብዳል፣ ሾኩም ያንኑ ያህል ይደክማል። ፓራፋንጎውን ተጭኖ መልቀቅ ለለስላሳ መኪና ጥሩ ፍተሻ ነው፤ ሞላው ለጠነከረ መኪና ግን ብዙም አይነግራችሁም። ይልቅ ቱቦው ላይ የወረደ ዘይት ፈልጉ። የጎማውንም ፊት በመዳፋችሁ ዳስሱት፤ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ካለ ጎማው ሲነጥር ከርሟል። ሰልባጅ ሾክ የምትገዙ ከሆነ እዚያው ሱቁ ፊት አቁማችሁ ዘንጉን ወደ ታች ግፉት። ግፊያው ከላይ እስከ ታች እኩል መክበድ አለበት። መሃል ላይ ባዶ ቦታ ያገኘ ያህል ዘፍ ካለ መልሱለት። ባለጋዝ ከሆነ ደግሞ ስትለቁት ቀስ ብሎ በራሱ መውጣት አለበት። አንዱ ብቻ ቢያነባ እንኳ የግራና የቀኙን አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ የሆነ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሊስባችሁ ይችላል።