በአውሬ የቆሰለችን ጅግራ ስለ ማዳን

ሸለምጥማጥ ወይም ቀበሮ ሌሊት ከጅግራዎቻችሁ መካከል ገብቶ የገደለውን ገድሎ አንዲቱን አቍስሎ ቢተዋት፣ ለማረድ አትቸኩሉ። ሆድ ዕቃዋ ካልተቀደደ ልትድን ትችላለች።

በመጀመሪያ ከመንጋው ለዩአት፤ ደም ያዩ ጅግራዎች ቍስሉን ይነቍራሉና። ስትይዟት እግሯን አትጐትቱ፤ የጅግራ እግር በቀላሉ ይወልቃል። ክንፎቿን ከገላዋ ጋር አቅፋችሁ ያዟት።

በቍስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ቍረጡ። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፤ ለብ ሲል ቍስሉን በንጹሕ ጨርቅ እጠቡ። ጥርስ የወጋው ቀዳዳ ትንሽ ቢመስልም በውስጡ ይመግላልና ጧትና ማታ ማጠብ ያስፈልጋል። ዝንብ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ። ቢያብጥ ወይም ቢሸት ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

ደረቅ ገለባ በተነጠፈበት፣ ሞቅና ጨለም ባለ ስፍራ አኑሯት፤ ውሃና እህል ከአጠገቧ አይታጣ። ጅግራ ብቻዋን ስትሆን ትጨነቃለች፤ ስለዚህ ስትረጋጋ ጓደኞቿን በምታይበት በሽቦ ወንፊት ከልሏት። ቍስሉ ደርቆ ላባ ሲያለብሰው ወደ መንጋው መልሷት።

አውሬው ግን የቀመሰውን ፍለጋ ይመለሳል። የቤቱን ቀዳዳ በዚያው ቀን ሳይመሽ ድፈኑ። ቍስለኛዋን አድኖ ቀዳዳውን መተው ለአውሬው ቀለብ መስፈር ነው።