በእንግሊዝ ገጠር የሚገኙ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት እንዴት ይጠበቃሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በይሁዳ ንጉሥ በኢዮአስ ዘመን የእግዚአብሔር ቤት ፈራርሶ ነበር። ንጉሡ ካህናቱ ከሚገባው ገንዘብ የተናደውን እንዲጠግኑ ቢያዝዝም፣ እስከ 23ኛው ዓመተ መንግሥቱ ድረስ ሳይጠገን ቆየ። በኋላ ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተነደለ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ሕዝቡ የሚያመጣው ገንዘብም በዚያ እየተጠራቀመ ለአናጢዎች፣ ለግንበኞችና ለድንጋይ ወቃሪዎች ተከፈለ (2ነገ. 12)። ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ቤተ መቅደስን ማነጽ በአንድ ዘመን የሚፈጸም ሥራ ሲሆን መጠበቁ ግን ለትውልድ ሁሉ የተሰጠ አገልግሎት ነው።

ዛሬ በብሪታንያ የሚኖሩ ብዙ ምእመናኖቻችን ሥርዓተ አምልኮ የሚፈጽሙት ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በተገዙ ወይም በውሰትና በኪራይ በተገኙ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ከእነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ በመንግሥት የቅርስ መዝገብ የሰፈሩ በመሆናቸው እንደ ፈቀዱ ሊነኩ አይችሉም። ስለዚህ በዚያች ሀገር፣ በተለይም በገጠር አጥቢያዎቿ፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚጠበቅ በዚህ ጽሑፍ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመተው የፈረሰች፣ በመመለስ የተረፈች

በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ በዊር ወንዝ አጠገብ ኤስኮምብ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በመካከሏ የምትገኘው ቤተ ክርስቲያን የታነጸችው በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያ ዘመን የሐዋርያው የቅዱስ ጳውሎስ ሀገር ከሆነችው ከጠርሴስ የተገኘው ቴዎድሮስ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያስያዘበት ዘመን ነው። እርሱም በ669 ወደ ደሴቲቱ ገብቶ በ690 ዐረፈ። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ በመሆኑ የእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድነት አልነበራትም። ቢሆንም ክርስትና በዚያች ምድር ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ሕንፃዋ ምስክር ናት።

የኤስኮምብ ቤተ ክርስቲያን ወርዷ ጠባብ፣ ግድግዳዋ ከፍ ያለ፣ መስኮቶቿም ትንንሽ ናቸው። ድንጋዮቿ በአቅራቢያው ቢንቸስተር ከሚባለው ስፍራ፣ ከፈረሰ የሮማውያን ምሽግ የመጡ ናቸው። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የስድስተኛው የሮማ ሌጌዎን ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ተገልብጦ ተገንብቶ ይታያል፤ በደቡቡ ግድግዳ ደግሞ የጸሎት ጊዜያት ይለዩበት የነበረ ጥንታዊ የፀሐይ ሰዓት አለ። የጦር ሠራዊት ምሽግ የነበረው ድንጋይ የእግዚአብሔር ቤት ግድግዳ ሆኖ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆሟል።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ግን ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። የመንደሩ ሕዝብ ሲበዛ አሮጌዋ ጠባብ ናት ተብሎ በ1863 አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ አሮጌዋም ተትታ መፍረስ ጀመረች። ዕድሜዋንና ክብሯን የተረዱ ሰዎች ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አስጠገኗት። የሚያስደንቀው ፍጻሜው ነው፤ እርሷን እንዲተካ የተሠራው አዲሱ ሕንፃ በ1971 ፈረሰ። ያረጀች ተብላ የተተወችው ግን ዛሬም የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሆና ታገለግላለች።

የጥበቃው ሕግ እንዴት መጣ?

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ብዙ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የተጎዱት በቸልታ ብቻ ሳይሆን በእድሳት ስም ጭምር ነበር። የዘመኑ አዳሾች የየዘመኑን አሻራ እየፋቁ፣ አሮጌውን ልስን እያወረዱ፣ ሕንፃውን እነርሱ መሆን ነበረበት ወዳሉት መልክ ይለውጡት ነበር። ይህን የተቃወመው ደራሲና የእጅ ጥበብ ባለሙያ ዊልያም ሞሪስ በ1877 የጥንታውያን ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ከባልንጀሮቹ ጋር መሠረተ። የማኅበሩ ትምህርት በአጭሩ ሲገለጥ፣ ሕንፃን አዲስ ለማስመሰል ከመድከም ይልቅ በየዕለቱ በሚደረግ ጥቂት እንክብካቤ ከጥፋት መጠበቅ ይገባል የሚል ነው።

በ1882 የመጀመሪያው የጥንታውያን ሐውልቶች ጥበቃ ሕግ ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሞች በቦምብ ሲደበደቡ የትኛው ሕንፃ መትረፍ እንዳለበት የሚለይ ዝርዝር አስፈለገ፤ ከዚህም ልምድ በመነሣት በ1944 እና በ1947 በወጡ ሕጎች ታሪካዊ ሕንፃዎችን በመላ ሀገሪቱ የመመዝገብ ሥራ ተጀመረ። አሁን የሚሠራበት ዋናው ሕግ የ1990ው ሲሆን፣ ምዝገባውን በተመለከተ መንግሥትን የሚያማክረው ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የተባለው ተቋም ነው።

መዝገቡ ሦስት ደረጃዎች አሉት። አንደኛ ደረጃ እጅግ ልዩ ለሆኑት የሚሰጥ ሲሆን ከመላው መዝገብ 2.5 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ሁለተኛ ደረጃ ባለ ኮከብ ከፍ ያለ ትርጉም ላላቸው ይሰጣል። የቀሩት ከዘጠና በመቶ የሚበልጡት ሁለተኛ ደረጃ ይባላሉ። ከ1700 በፊት ተሠርተው የቀድሞ መልካቸውን የያዙ ሕንፃዎች በጠቅላላ፣ ከ1700 እስከ 1850 የተሠሩትም በአብዛኛው ይመዘገባሉ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካሏት 16,000 ያህል ሕንፃዎች ከ12,000 በላይ የሚሆኑት የተመዘገቡ ናቸው፤ ኤስኮምብም ከአንደኛ ደረጃዎቹ አንዷ ናት።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ምዝገባው የሚጠብቀው የሕንፃውን ፊት ብቻ አይደለም። ውስጡን፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ፣ በግቢው ውስጥም ከሐምሌ 1 ቀን 1948 በፊት የተሠሩ አጥርንና በርን የመሳሰሉትን ያጠቃልላል።

በአጥቢያው ያለው የዘወትር ሥራ

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በአገልግሎት ላይ ያሉ ሕንፃዎቿን የምታስተዳድረው በራሷ የፈቃድ ሥርዓት ነው። መንግሥት በ1913 ይህን ነጻነት ሲተውላት እርሷም ቅርሷን በራሷ ሥርዓት ለመጠበቅ ኃላፊነት ወሰደች። በዚህ መሠረት አንድ አጥቢያ መስኮት ለመለወጥ፣ ወለል ለማንሣት ወይም ወንበር ለማስወጣት ቢፈልግ አስቀድሞ ለሀገረ ስብከቱ ያመለክታል። ባለሙያዎች የሚገኙበት አማካሪ ኮሚቴ ምክሩን ይሰጣል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ግን የሀገረ ስብከቱ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። ጥቃቅን ጥገናዎች በሊቀ ዲያቆናቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይፈጸማሉ፤ እጅግ ቀላል የሆኑት ደግሞ ያለ ፈቃድ ይሠራሉ። ካህኑም ሆነ ባለ ሀብቱ ለጋሽ ይህን ሥርዓት ሊያልፍ አይችልም።

በ1955 በወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ በተጀመረው ሥርዓት መሠረት እያንዳንዱ ሕንፃ በየአምስት ዓመቱ በባለሙያ ይመረመራል። መርማሪው ከጣራ እስከ መሠረት ተመልክቶ አስቸኳዩን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሠራውንና ሊቆይ የሚችለውን ለይቶ ይጽፋል። ምእመናን የሚመርጧቸው ሁለት የአጥቢያ ኃላፊዎች ደግሞ የንዋየ ቅድሳቱን ዝርዝርና የጥገናውን መዝገብ ይይዛሉ፤ የተሠራው ሥራ ሁሉ ከነዘመኑ ስለሚጻፍ የሚቀጥለው ትውልድ በግምት አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን እጅግ ተራ ነው። የጥንታዊ ሕንፃ ዋና ጠላት ውኃ ነው። በመጸው የረገፈ ቅጠል አሸንዳውን ሲደፍነው የዝናቡ ውኃ በግድግዳው ላይ ይፈስሳል፤ ድንጋዩ ይርሳል፤ የጣራው እንጨት ይበሰብሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ አሸንዳ የሚጠርግ አንድ ትጉህ ምእመን ከብዙ ገንዘብ ወጪ አጥቢያውን ያድናል። ሲሚንቶም ጠንካራ መስሎ ቢታይም ለአሮጌ ግንብ ጎጂ ነው። የጥንቱ ግንብ የተያያዘው በኖራ ሲሆን ኖራ እርጥበትን ወደ ውጭ ያስወጣል፤ በሲሚንቶ ሲመረግ ግን እርጥበቱ በውስጥ ታምቆ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል።

ሕግ የማይጠብቀው

ሕግ ሁሉን እንደማያደርግ ደግሞ ከዚያው ሀገር እንማራለን። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ2015 ባወጣችው ጥናት ከሕንፃዎቿ 57 በመቶው የሚገኙት በገጠር ሲሆን በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ግን 17 በመቶ ብቻ ነው። ወደ 2,000 በሚጠጉ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የሳምንቱ ምእመናን ቁጥር ከአሥር ያነሰ ነበር። አገልግሎት የተቋረጠባቸውን ታላላቅ ሕንፃዎች እንዲጠብቅ በ1969 የተቋቋመው ድርጅት ዛሬ ከ350 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን ይዟል። ግድግዳቸው ቆሟል፤ ጣራቸው ይጠገናል፤ የዘወትር ጸሎት ግን የለባቸውም።

ይህን የምናነሣው በሌላው ድካም ለመደሰት አይደለም። የምእመናንን ልብ በመዝገብ ላይ ማስፈር የሚችል ሕግ እንደሌለ ለመገንዘብ ነው። ሕንፃ ያለ ምእመናን ሙዚየም ይሆናል፤ ምእመናንም የአባቶቻቸውን ሕንፃ ሲጥሉ የተጸለየበትን የብዙ ዘመን መታሰቢያ ያጣሉ። ሁለቱ አብረው ሊጠበቁ ይገባል።

በብሪታንያ ለሚገኙ አጥቢያዎቻችን

በዚህ ላይ በውጭ የሚኖሩ ምእመናንና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሊያውቁት የሚገባ ቁም ነገር አለ። ከላይ የተገለጠው የራስ አስተዳደር የተሰጠው ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ለካቶሊክ፣ ለሜቶዲስት፣ ለባፕቲስትና ለመሳሰሉት ጥቂት የእምነት ተቋማት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ውስጥ አልተቈጠረችም። ስለዚህ አጥቢያችን በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ በእንግሊዝ ሲገዛ፣ የሕንፃውን ታሪካዊ መልክ የሚነካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ነው። ያለ ፈቃድ መሥራት በወንጀል ያስጠይቃል፤ የተሠራው እንዲፈርስና ቀድሞ ወደነበረበት እንዲመለስም ሊያስገድድ ይችላል። ሥራው በቅንነትና በበረከት አሳብ መሠራቱ ከዚህ አያድንም።

ሥርዓታችንን ለመፈጸም ግን ይህ መሰናክል አይሆንም። ጥንታውያን የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ የዞሩ፣ ርዝመት ያላቸውና መሠዊያቸው በምሥራቅ የሆነ በመሆናቸው ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ለመለየት ይመቻሉ። መቅደሱን የሚከልለው የእንጨት ሥራ ከግድግዳው ጋር ሳይጣበቅ በራሱ የሚቆምና ግንቡን ሳይጎዳ ሊነሣ የሚችል ሆኖ ቢዘጋጅ ፈቃድ ለማግኘት ይቀልላል። ከመግዛት በፊት የሕንፃውን ደረጃ ማጣራት፣ አሮጌ ሕንፃ የሚያውቅ ባለሙያ ማስመርመር፣ የዘወትር የጥገና ወጪውን ከግዢው ጋር አብሮ ማስላት ያስፈልጋል። ጧፍና ዕጣን በሚበዛበት አገልግሎታችን የእሳት ጥንቃቄም ሊዘነጋ አይገባም።

ለሀገር ቤቱ የሚተርፍ ትምህርት

በሀገራችንም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. አለ። ቢሆንም አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን ጠበበች፣ አረጀች እየተባለ በጭቃና በድንጋይ የታነጸው ጥንታዊ ሕንፃ ሲፈርስ፣ ሥዕሎቹ በዘይት ቀለም ሲሸፈኑ፣ ግንቡ በሲሚንቶ ሲለሰን እናያለን። የሚሠሩት ወገኖች በፍቅረ እግዚአብሔር ተነሣሥተው ነው፤ የሚጠፋው ግን ተመልሶ የማይገኝ ነው። ሕዝብ ሲበዛ ሰፊ ሕንፃ ማነጽ ተገቢ ነው፤ አዲሱን ለማነጽ ግን አሮጌውን ማፍረስ ግዴታ አይደለም። ኤስኮምብ እንዳሳየችው አንዳንድ ጊዜ ከሁለቱ የሚሰነብተው አሮጌው ነው።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት የሕንፃቸውንና የንዋየ ቅድሳታቸውን መዝገብ ይያዙ፤ ከእድሳት በፊት ሀገረ ስብከትንና የቅርስ ባለሙያን ይጠይቁ፤ ከክረምት በፊት ጣራንና አሸንዳን ይመልከቱ። ወጣቶች በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ሲያጠኑ የደብራቸውን ሕንፃ ታሪክም ይማሩ። የዮዳሄ ሣጥን በእያንዳንዱ ደብር ሊኖር ይገባዋል፤ ለአዲስ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ለቆመው ሕንፃ መጠበቂያም ጭምር።

አባቶቻችን ያስረከቡንን ለልጆቻችን እንድናስረክብ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።