በአንድ ቤት፣ በአንድ ዘር

(ምስል፦ የጥቁር አፈር ማሳ፣ ሞረትና ጅሩ)

ይህ አፈር የክረምቱን ውኃ ይዞ ይቆያል። ዝናቡ ሲያባራ ገበሬው በቀረችው እርጥበት ላይ ጓያ ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ ባይወርድም ይደርሳል። በድርቅ ዓመት ሌላው እህል ከስሞ እሱ የሚተርፈው ለዚህ ነው። የሰሜን ሸዋ ሰው ጓያን ያመሰግነዋል፤ ይፈራዋልም።

ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው፣ በተለይም ወጣት ወንድ፣ እግሩ ሊያዝ ይችላል። ፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል፤ ጉዳቱ አይመለስም። ግን ከአንድ መሶብ ከበሉት ወንድማማቾች አንዱ በምርኩዝ ሲቀር ሌላው ዕርፍ ይጨብጣል። ለምን?

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በደምቢያና በፎገራ፣ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን በወሎ ደላንታ ይህን በሽታ ተከታትለውታል። የደላንታው መልስ የተገኘው ከማጀት ነው። እሸቱንና ንፍሮውን የበላ ይበልጥ ይያዛል። ያው ጓያ ተቦክቶ እንጀራ ሲሆን፣ ከሌላ እህል ሲደባለቅ፣ ቅመም በገባበት ወጥ ሲሠራ አደጋው ይቀንሳል። ሁለት ወንድማማቾች በጓያ እግራቸው ተይዞ ጎረቤት «ዘራቸው ነው» ካለ ተሳስቷል። ያገኛቸው ክፉ ዓመት ነው።

(ምስል፦ ከአንኮበር ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ)

ማጀት የማይመልሰው ጥያቄም አለ። ከወላጅ የሚወረሱ የእንቅስቃሴ ሕመሞች በእርግጥ አሉ። ዲስቶኒያ ጡንቻን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እያኮማተረ እጅን፣ እግርን፣ አንገትን ያጣምማል። በልጅነት የሚጀምረው አንዱ ዓይነት ምንጩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ሎሪ ኦዜሊየስና ባልደረቦቿ በአንድ ጂን ላይ ሦስት ፊደል ጎድሎ አገኙ። ሦስት ፊደል ብቻ። ይህን ጉድለት ከወረሱ 10 ሰዎች የሚታመሙት ግን 3 ያህሉ ናቸው። የቀሩት 7ቱ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያርሳሉ፤ የተሸከሙትን ሳያውቁ ያረጃሉ።

7ቱን ምን ጠበቃቸው? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የታመሙና ያልታመሙ ተሸካሚዎችን አንጎል በምስል አነጻጸረ። ማንም የሚጠብቀው የጤነኞቹ ያልተነካ ሆኖ እንዲገኝ ነው። አልሆነም። ከኋለኛው ትንሹ አንጎል ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄደው የነርቭ መስመር በሁለቱም ሳስቷል። ጤነኞቹ እንዲያውም ጉድለታቸው ሁለት ነው፤ መስመሩ ወደ አንጎል ቅርፊት በሚደርስበት በቀጣዩ ክፍል ሌላ መሳሳት ተገኘባቸው። ተመራማሪዎቹም ከሕመም ያተረፋቸው ይህ ሁለተኛው ነው አሉ። ከአንኮበር በታች መስኖ ያጠጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ውኃው ከምንጩ ከደፈረሰ፣ ታች ቦዩን መድፈን ማሳውን ያተርፋል። ስለ ሰው አካል ከሰማናቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀን ጥቂት ነው።

መከታው ከሌላኛው ወላጅም ሊመጣ ይችላል። በዚያው ጂን ጤነኛ ቅጂ ላይ የምትገኝ አንዲት ለውጥ ተሸካሚውን እንደምትጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2007 ታይቷል። በቱኒዝያ ደግሞ ፓርኪንሰን የተባለውን የእንቅስቃሴ ሕመም የሚያመጣ የጂን ለውጥ የተሸከሙ ሰዎች ሲጠኑ፣ የሌላ ጂን ልዩነት ሕመሙ የሚጀምርበትን ዕድሜ በ12 ዓመት ተኩል ያራራቀ ሆኖ ተገኘ።

(ምስል፦ ሽማግሌዎች፣ ደብረ ብርሃን)

በዚህ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልማዱ ትልቅ ጥበቃ ነው። አንዳንድ ሕመሞች የሚወጡት ልጁ ከአባትም ከእናትም አንድ ዓይነት እክል ሲወርስ ነው፤ ይህ የመሆን ዕድሉ ደግሞ ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ይጨምራል። ለዲስቶኒያው ግን ከአንዱ ወላጅ የመጣው ይበቃል። ጤነኛ አያት በጤነኛ ልጅ በኩል ለልጅ ልጅ ያደርሰዋል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ልጁ መጣመም ሲጀምር ቤተሰቡ «በዘራችን የለም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ያየው የለምና። ከዚያ እናቲቱ ምን አድርጋ ነው ተብላ ትወቀሳለች። ይህ ወቀሳ ያንገበግባል።

ጤነኛ ተሸካሚ ሐኪም ቤት አይመጣም፤ ምኑን ብሎ ይመጣል? የሚገኘው ቤቱ ድረስ ሲኬድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር የነርቭ ሕመምተኞችን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው ዳስሰዋል። ደብረ ብርሃን ዛሬ በአሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አላት። በየመንደሩ ደግሞ ማን ከማን እንደተወለደ በቃላቸው የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉ። አንድ ሕፃን ሲታመም ቆጠራውን ከእነሱ ጋር መጀመር ይቻላል፤ የታመመውን ብቻ ሳይሆን ሳይታመሙ ያረጁትን አጎቶችና አክስቶች ጭምር፣ በየስማቸው።