አዝማሪ ባሕር ሲሻገር ግማሹ የሚቀረው የት ነው?

የአዝማሪን መሣሪያ የማሲንቆን አሠራር የማያውቅ የለም፤ ቆዳ የተወጠረበት የእንጨት ሳጥን፣ አንድ የፈረስ ጭራ አውታርና ደጋን ነው። የአዝማሪነት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑም የታወቀ ነው። እኔ ማንሳት የምፈልገው ሰው ችላ የሚለውን ክፍል ነው።

ብዙዎች አዝማሪ ግጥሙን ሁሉ በቃሉ ይዞ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ጎንደር ከተማ አንድ አዝማሪ ቤት ገብቶ ያመሸ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው አንዴ በሰማው ብቻ፣ ደጋኑን ሳያቆም፣ ስንኙን በያዘው ቅኝት ውስጥ አስገብቶ ለቤቱ ያዜመዋል። ሌላው ከጥግ ይመልሳል፤ ያንንም ይቀበላል። ከፍቅረኛው የተኳረፈም፣ ነገር ያለውም፣ ሊያሞግስ የመጣም በእሱ አፍ ይናገራል። ከባልደረቦቹ አንዷ ከበሮ እየመታች ታጅበዋለች፤ ሽልማቱ ግንባር ላይ ይለጠፋል።

አንድ ምሽት ከደባርቅ በኩል የመጡ አባት አዝማሪውን ራሱን የሚነቅፍ ስንኝ ሲሰጡ አይቻለሁ። ስድቡን አንድ ቃል ሳያጎድል በሚያምር ዜማ አዜመው። ቤቱ ሲስቅ ጠብቆ መልሱን በራሱ ስንኝ አስከተለ፤ አባትም ተነሥተው ሸለሙት። የተሰጠውን ቃል፣ በራሱ ላይ የተወረወረ ቢሆንም፣ ሳያዛባ ማድረስ የሙያው ግዴታ ነው። ስለዚህ የግጥሙ እኩሌታ ከአድማጩ ነው።

ይህን ሙያ ወደ ውጭ መውሰድ አዲስ ነገር አይደለም። የባህል ሙዚቃ ቡድኑ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በተስፋዬ ለማ መሪነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብሎ አሜሪካን ዞሯል፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀርቧል። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን በ1977ቱ ድርቅ ለደረሰልን እርዳታ ምስጋና ይዞ አውሮፓና አሜሪካ ሄደ። የተወዛዋዡ የመላኩ በላይ ቡድን ኢትዮከለርም ቀድሞ ካዛንቺስ ከነበረው አዝማሪ ቤት ከፈንድቃ ተነሥቶ ዞሯል። ሁሉም ክብር ይገባቸዋል።

ሆኖም መድረኩ ብሩህ፣ አዳራሹ ጨለማ፣ ታዳሚውም እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ በኋላ የሚያጨበጭብ ሲሆን፣ አዝማሪው የሚቀበለው ቃል የለውም። ፈረንጁ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው፤ ለዚህም ተጠያቂው አዘጋጁ ነው። ለማሲንቆ አምስት ደቂቃ መድቦ «ጥንታዊ ቅርስ» ብሎ ማስተዋወቅ፣ ሕያው የሆነን ሙያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ባህል መለዋወጥ የሚቻለው ሌላው ወገን እንዲገባበት ሲደረግ ነው። ቻርልስ ሳተን የተባለው የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ከኦርኬስትራው የማሲንቆ ተጫዋች ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ ማሲንቆ ተማረ፤ በኋላም ከቡድኑ ጋር አብሮ ተጫወተ። በእኔ እምነት ከብዙ ጭብጨባ የሚበልጥ ፍሬ ይህ ነው።

ስለዚህ ቡድን የምትልኩ ሰዎች፣ ከአዝማሪው ጋር ስንኝ ሰጪ ላኩ፤ የአዳራሹን መብራት አታጥፉ፤ በየመሐሉም የሚያስረዳ ሰው ይኑር። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖቼም ስልካችሁን አዝማሪው ፊት ላይ ደግናችሁ አትቁሙ። ሁለት ስንኝ አስባችሁ ሂዱ፤ «ተቀበል!» በሉት።