ዝሆን የጣለው ቀላል ጥይት

ስኮትላንዳዊው አዳኝ ዋልተር ቤል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አፍሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል። ኢትዮጵያም ደርሶ፣ ዛሬ ጋምቤላ በሚባለው ምድር በሚፈሰው በጊሎ ወንዝ አካባቢ አድኗል። ያ ሁሉ ዝሆን ማለቁ ያሳዝናል። ስለ ጠመንጃ የሚያስተምረው ነገር ግን አለ። የዘመኑ አዳኞች ትከሻ የሚያደቅ ከባድ ጠመንጃ ሲያነግቱ፣ ቤል አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው፤ አረሩ ከ11 ግራም ብዙም አይበልጥም። የዝሆንን ራስ ቅል መርምሮ አንጎሉ የት እንዳለ ስለሚያውቅ፣ አረሩን እዚያው ያሳርፍ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ማደን የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ተቃራኒውን ምክር ነው። አባት እ.ኤ.አ. በ1906 ለጦር ሠራዊት የተሠራውን የ30-06 ጥይት የሚተኩስ የራሱን ጠመንጃ ለልጁ ያወርሳል። ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩሶ ትከሻው ይበልዛል። ከዚያ በኋላ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰውነቱ ይኮማተራል፣ አፈሙዙም ያዘነብላል። አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ይገባል።

አረርና የባሩድ ጋዝ ወደፊት ሲወጡ ጠመንጃው ወደኋላ ይረግጣል። የ30-06 እርግጫ 27 ጁል አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው 243 ዊንቸስተር የተባለው ጥይት ግን 12 ጁል ገደማ፣ ማለትም ከግማሽ በታች ነው፤ አጋዘን ለመጣልም ይበቃል። 6.5 ክሪድሞርም እርግጫው ከ243 ብዙ አይርቅም፣ ከበድ ያለ አረርም ይተኩሳል። ለጀማሪ ከነዚህ አንዱን መምረጥ ያዋጣል። 300 ዊንቸስተር ማግነም ግን 35 ጁል አካባቢ ስለሚረግጥ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ክብደት ላይ ነው። «ለሴትና ለልጅ ቀለል ያለ ይሻላል» ይባላል። ለመሸከም አዎ፤ ለመተኮስ ግን አይሆንም። ጥይቱ ያው ሆኖ የጠመንጃው ክብደት በእጥፍ ቢጨምር፣ የእርግጫው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ጠመንጃ በእጅ ስትያዝ ብትማርክም፣ ስትተኮስ ጨካኝ ናት።

ሰደፉም በተኳሹ ልክ መሆን አለበት። ከረዘመ ትከሻ ላይ በደንብ አያርፍም፤ ካጠረ ደግሞ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ጠርዝ ቅንድብ ሊሰነጥቅ ይችላል። ሰደፉ ጫፍ ላይ የሚገጠም ለስላሳ ጎማ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። አፈሙዝ ላይ የሚታሰረው ጋዝ በታኝ እርግጫን ቢቀንስም ጩኸቱን ያብሳል። ጀማሪን የሚያስደነብረው ደግሞ ምቱ ብቻ ሳይሆን ጩኸቱም ነው። ጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ መተኮስ በምንም ምክንያት አይገባም።

ምርጫው መስማማቱን አሠልጣኞች በቀላል ዘዴ ይፈትናሉ። ከእውነተኛ ጥይቶች መሃል ባሩድ የሌለበት የመለማመጃ ጥይት፣ ተኳሹ ሳያይ፣ ይጨምራሉ። ምላጩ ተስቦ «ቀጭ» ሲል አፈሙዙ ካልተነቃነቀ ተኳሹ ለአደን ቀርቧል። ወደታች ከደፋ ግን ሰውነቱ እርግጫውን እየፈራ ነው፤ እርግጫው እምብዛም ወደማይሰማው 22 ጠመንጃ ተመልሶ ከዒላማው ፊት ጥቂት ሳምንታት ይቆይ።