ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ሽመል፦ ከአሶሳ የተነሣ የፍች ጥያቄ

የአገራችን የአየር ጠባይ ክፍሎች በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ መባላቸውን የማያውቅ የለም። በመማሪያ መጻሕፍት ግን ለቃላቱ የሜትር ወሰን ተበጅቶላቸው፣ ቆላ ከ500 እስከ 1,500፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ነው ተብለው ይፈታሉ። አከፋፈሉ መሠረት አለው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳልና። የስሜንን ተራሮች ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ ከወይራና ከጽድ ወደ አስታ፣ ከአስታም ወደ ጅብራ መሻገሩን በዐይኑ ያያል።

አሶሳ ላይ ግን የሜትሩ ፍች ይናጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በቁጥሩ ከሄድን ወይና ደጋ ናት። ዙሪያዋን የሚያለብሰው ግን በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ፣ የሣር ቃጠሎ የለመደ ሳሳ ያለ ደን ነው፤ በመካከሉም የሽመል ጫካ ይገኛል። ከደጋ የወረደ ሰውም አገሩን ቆላ ይለዋል። ተናጋሪው አልተሳሳተም። ከፍታ ሙቀትን ይወስን እንጂ ዝናሙን ብቻውን አይወስንም፤ በአሶሳ ዝናሙ ከግንቦት ገደማ እስከ ጥቅምት ወርዶ ረዥም ደረቅ ወራት ይከተላሉ። ወይና ደጋ የሚለው ስም ራሱ ከወይን ተክል የወጣ ነው፤ ቃሉ ሲወለድ የተለካው በሜትር ሳይሆን በሚበቅለው ነገር ነበር።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይበልጥ የሚያሳስበው የሽመል ጉዳይ ነው። ሽመል (ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ) ግንዱ ድፍን የሆነ የቆላ ተክል ነው፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቤትና አጥር ይሠራበታል፣ ለጋ ቡቃያውም በክረምት ይበላል። ቀርከሃ ግን፣ በእንጅባራ አካባቢ እንደሚታየው፣ ከ2,200 ሜትር በላይ የሚበቅልና ውስጡ ክፍት የሆነ ሌላ ዘር ነው። ተርጓሚዎች «ላውላንድ ባምቡ» የሚለውን እንግሊዝኛ «የቆላ ቀርከሃ» እያሉ በመለሱት ቁጥር፣ ሽመል በትር ብቻ ወደ መሆን ይጠባል። ለሁለቱም የወል ስም ሲያስፈልግ በቀርከሃ መጠቀም አይከፋ ይሆናል፤ በተናጠል ሲነገር ግን ያለውን ስም ትቶ ቅጽል መደረብ ትርፍ ድካም ነው።

ስለዚህ የቆላ ፍች «ሙቀቱ የበረታ፣ ደረቅ ወራቱ የረዘመ፣ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ የሚበዛበት አገር፤ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ሜትር በታች» ተብሎ ቢጻፍ ይበጃል። «ብዙውን ጊዜ» የምትለዋ ሐረግ ለአሶሳ በር ትከፍታለች። በሽመል ሥርም ተክሉ 1ኛ፣ በትሩ 2ኛ ፍች ሆኖ ይቀመጥ።